ሚዛኑ ያላየው

በቫልዲቪያ ወደብ፣ በዚያ በዝናቡ አገር፣
ዓሣ እመዝናለሁ ቆሜ ከወንዙ ዳር።
የባሕር አንበሶች ከኋላዬ ተጋድመው
የምጥለውን አንጀት ይጠብቃሉ፣ አፋቸውን ከፍተው።
ሃያ ሁለት ዓመት ሚዛን አምኜ ኖርኩ፤
መርፌው ያለውን ነው እኔም እውነት ያልኩ።

ራየን፣ ሚስቴ፣ ይህ ሦስተኛችን ነው፤
ከብርጭቆ ሳህን የተነሣ፣ ነጥብ የሚያህለው
ማኅፀኗ ገብቶ እንዲጸና፣ እንዲሆን
ያዘዙላት መድኃኒት፦ ፕሮጄስትሮን።

መጀመሪያ በመርፌ ነበር፤ በዘይት የተበጠበጠ፣
ወፍራም፣ እንደ ብርድ ማር የተለጠጠ።
ብልቃጡን ብብቴ ሥር ይዤ አሞቃለሁ፤
"እስከ አምስት ልቁጠር" ብዬ፣ በሦስት እወጋለሁ።
ሁልጊዜ በሦስት። ታውቃለች። አትናገርም።
ዳሌዋ ጓል ጓል ብሎ፣ በጎኗ እንኳ አትተኛም።
ደሟ ሲለካ ግን ቁጥሩ ከሠላሳ አለፈ፤
ያን ቀን ለባሕር አንበሳው ሙሉ ዓሣ ተረፈ።

ቆዳዋ ሲቆጣ ሐኪሟ ቀየረው፤
"ጠዋትና ማታ፣ ከታች የሚገባ እንክብል ነው።"
መርፌው ቆመ፤ ዘይቱ ቆመ፤ ብብቴ ቀዘቀዘ።
በሳምንቱ ደም ሰጠች፤ ወረቀቱ ተያዘ፤
ዘጠኝ።
ከዚያ ሁሉ ሠላሳ፣ ዘጠኝ።
ማን ሰረቀው? አልኩ። የቱ ሚዛን አታለለኝ?
ራየን ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፤
"ያው እንደ ሁለቱ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረች።

ከቦርሳዋ ሰረቅሁት። ዝናብ እየመታኝ
ላቦራቶሪው ሳይዘጋ ሮጬ ደረስኩኝ።
ዶንያ ኢልዳ፣ ደም መርማሪዋ፣ የዓርብ ደንበኛዬ፣
ስንጥብ ገልጣ ካላየች የማትገዛ ከገበያዬ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወረቀቱን አየችው፤
"በየት በኩል ነው የምትወስደው? ማንም እዚህ አልጻፈው።"
ነገርኳት።

"ስማ ኤሊሴር፤ ደም መንገድ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም፤
መንገዱ ጭር ስላለ ቤት ውስጥ ሰው የለም አይባልም።
መርፌው በአደባባይ ያልፋል፣ በሰልፍ፣ በጡሩንባ፤
እንክብሉ ግን ጎረቤት ነው፣ በጓሮ በር የሚገባ።
ማኅፀን ከጠገበች በኋላ ነው ለደም የምታካፍለው፤
እኔ ደግሞ የምለካው ያንን የተረፈውን ነው።
በአፍ ቢዋጥማ ሌላ ነው፤ ጉበት ኬላ ላይ ቆሞ
ሸክሙን ፈትቶ ይቀርጣል፤ ቁርጥራጩም ጭንቅላት ላይ ተጋድሞ
እንቅልፍ ይሆናል። አንዳንዱ መሣሪያም ያንን ስብርባሪ
እንደ ሙሉ ይደምረዋል፣ እንደ ሰካራም ቆጣሪ።

"እኔም በሃምሳ ሁለቴ፣ ትኩሳቱ ሲያነደኝ፣
ከፋርማሲ ቅባት ገዝቼ ክንዴን አሸሁኝ፤
ደሜ ላይ ጠብ አላለም፤ ምራቄ ግን ጎርፍ ሆነ፤
ማንበቢያው እስኪያቅተው ድረስ ቁጥሩ ገነነ።
የቱ ነው እውነቱ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።
ብቻ፣ ሁለቱም የተጠየቁትን እንጂ ሌላ አልመሰከሩም።"

"ታዲያ ዘጠኝ ይበቃል?" አልኳት።
ጓንቷን አወለቀች።
"ሐኪሟን ጠይቅ። እኔ ትንቢት አልለካም" አለች።
መብራቱን አጠፋች።

ለራየን ሁሉንም ነገርኳት፤ ስርቆቴንም ጭምር።
"ጎረቤት" አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚቀምስ ሰው ነገር።
ማታ እንክብሉን ታስገባና ግማሽ ሰዓት ትጋደማለች፤
ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ታዳምጣለች።
እኔ ከአልጋው ጫፍ ነኝ። የማሞቀው ብልቃጥ የለኝ፤
የምወጋው የለ፤ እጄ ሥራ ፈታብኝ።

"እስከ አምስት ቁጠርልኝ" አለች፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች።
ለምን? አልኩ።
"ዝም ብለህ።"
አንድ።
ሁለት።
ሦስት ስል፣ እንደ ልማዷ፣ ትከሻዋን ሰበሰበች።
ምንም አልመጣም።
አራት አልኩ፤
ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።